የፓኪው የረቡዕ እራት

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ወርቁ ከዙሪክ ዳር ከአድሊስቪል ደወለልኝ። ፊት ለፊት ስንገናኝ አንቱ ነው የምለው፤ የባሌ ታላቅ ወንድም ስለነበር አፌ ለምዶታል። እዚህ ግን ወረቀቱም እስክሪብቶውም የኔ ስለሆነ አንቱታውን ትቼዋለሁ። “ሰናይት መጥታለች አሉ፣ እውነት ነው?” አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ሰናይት ልጄ ናት። መሥሪያ ቤቷ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ ጄኔቫ ልኳት፣ ስብሰባው ሲያልቅ በባቡር ዙሪክ መጥታ አፎልተርን እኔ ቤት አረፈች። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ናት፤ ከልጅነቷ ወዲህ በእናቷ ቤት ስታድር ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። “እንግዲያው ረቡዕ ማታ መጥቼ አያታለሁ” አለ ጋሼ። “ያንን የኦቨን አትክልት ሥሪልን፣ ያንን ፓኪ ሳለን የምትሠሪውን። ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ።” ይህን ብሎ ዘጋው። ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ አትክልት ሰበብ ስንት ነገር ያፈረሰብኝ ሰው፣ ልክ ምግብ ቤት እንደሚያዝ ደንበኛ አዘዘኝና ዘጋው። ወጪት ሰባሪ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ የበላበትን ሰብሮ ሲያበቃ ተመልሶ መጥቶ ሳህን ይጠይቃል።

ጄኔቫ የገባነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። አገር ቤት የነበረው ሁሉ ሲደፈራረስ እኔና ባሌ ታደሰ ሰናይትን ጉለሌ እህቴ ዘንድ አስቀምጠን ወጣን፤ ለጥቂት ወር ብለን። የገባንበት ሰፈር ፓኪ ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው። በዚያን ጊዜ በየጥጉ የስልክ መደወያ ቤት ነበረ፤ ሰው ከመስታወቱ ጀርባ ቆሞ በየቋንቋው ሲያለቅስ ታየዋለህ። የዓረቦች ሥጋ ቤት፣ ፀጉር የሚሠሩ የኮንጎ ሴቶች፣ በር ላይ ደረቅ እንጀራ በላስቲክ አንጠልጥሎ የሚሸጥ ሱቅ፣ ከሱ ቀጥሎ አንድ ሲዲ ቤት ነበረ፤ ሲዲ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ያንኑ የስንብት ዘፈን እየደጋገመ ሰውን ያስቆዝማል። እኔ ሁለተኛ እጅ የገዛሁትን ወይን ጠጅ ካፖርት ለብሼ በዚያ ሳልፍ ጆሮዬን በሻርፕ እሸፍን ነበር። መቆዘም አልወድም። እሁድ እሁድ ባለ አምስት ፍራንኩን የስልክ ካርድ ፍቄ ጉለሌ እደውላለሁ፤ ሰናይት “ሃሎ” ስትል ገና ካርዱ የቀረውን ደቂቃ የሚናገረው ፈረንጅ መሃል እየገባ ያቋርጠናል። “አስመጣሻለሁ፣ ትንሽ ታገሽ” እላታለሁ። “እሺ” ትለኛለች። አሁን ፓኪ ብትሄድ የስልክ ቤቶቹ ስልክ መጠገኛ ሆነዋል፣ ሲዲ ቤቱም ጥፍር መሥሪያ ሆኗል፤ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ባለው ስልክ በነፃ ይደውላል። በነፃ መደወል ሲመጣ እኔ የምደውልላት ልጅ አድጋ ነበር።

አስመጣሻለሁ የምለው እንዲያው አልነበረም። የያዝነው ፐርሚ ኤፍ የሚባለውን፣ ለጊዜው አሳድረናችኋል እንጂ አልተቀበልናችሁም የሚሉበትን ወረቀት ነበር። በዚያ ወረቀት ልጅ ለማምጣት ከመንግሥት ድጎማ ተላቅቆ በራስ ገቢ መኖር ያስፈልጋል፣ ልጅም ሕጉ ካስቀመጠው ዕድሜ ማለፍ የለበትም። ሰናይት በየወሩ እያደገች ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያነጠፍኩ በተቆራረጠ ሰዓት ነበር የምሠራው፤ በዚያ ገቢ እንኳን ልጅ ድመት አይመጣም። ስለዚህ የበሽተኛና የአረጋዊ ረዳት የሚያደርግ የማታ ትምህርት ገባሁ። ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ነበር። ያን ትምህርት ከጨረስኩ ቋሚ ሥራ አገኛለሁ፣ ቋሚ ሥራ ካገኘሁ ሰናይት ዕድሜዋ ሳያልፍ ትመጣለች። ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ከሆቴል ወጥቼ ትምህርት ቤት እስክደርስ ባለችው ቀዳዳ ቤት ገብቼ እራት መሥራት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ሁለት ወንዶች ነበሩ፣ ታደሰና ኋላ የመጣው ጋሼ፤ ሁለቱም እሳት ማንደድ የሚያውቁት በወሬ ብቻ ነው።

ያ አትክልት የመጣው ከዚህ ነው። ከማንም አልተማርኩትም። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ኦቨኑን አበራለሁ፤ እጄን የምታጠበው እሱ ሲግል ነው። ድንቹን ከነልጣጩ አራት ቦታ፣ ካሮቱን በረጅሙ ለሁለት፣ አበባ ጎመኑን በጣቴ እየገነጠልኩ፣ የፈረንጅ ቃሪያ ረክሶ ካገኘሁ እሱንም። ቀይ ሽንኩርቱን ሳልከትፍ በትልልቁ እከፍለዋለሁ። ዋናው ቁም ነገር እሱ ነው። ወጥ ማለት እኮ ሽንኩርት ነው፤ ከትፈህ፣ አልቅሰህ፣ አቁላልተህ፣ ድስት ላይ ተገትረህ እያማሰልክ ማታው ያልቃል። ያን ማታ የሚበላ ሽንኩርት ነው እኔ ያሸነፍኩት። ነጭ ሽንኩርት ከነልብሱ ጣል ጣል፣ የቆርቆሮ ሽምብራ ካለ እሱንም፣ ዘይትና ጨው፣ በእጅ ማሸት፣ ትሪው ላይ በተን አድርጎ መዝጋት። እስኪበስል ልብሴን እቀይራለሁ፣ መስተዋት ፊት ቆሜ የፈረንሳይኛ ቃላቴን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የአልጋ ቁስል፣ የደም ግፊት፣ ክርን፣ ቁርጭምጭሚት። በርበሬው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በሻይ ብርጭቆ በርበሬና ዘይት በሎሚ ጭማቂ በጥብጬ፣ አትክልቱ ጠርዝ ጠርዙ ጠቆር ብሎ ሲወጣ በትኩሱ ላዩ ላይ አፈስበታለሁ። ሽታው ኩሽናውን ይሞላዋል እንጂ ከበር አይወጣም። ደረቅ በርበሬ ኦቨን ውስጥ አይገባም። በዚያ ሙቀት ይቃጠላል፣ ጭሱም ሰው ይገድላል። አገራችን አስቸጋሪ ልጅ በበርበሬ ጭስ ይታጠን ነበር፤ ያን እያየ ያደገ ሰው ይህ ሊነገረው አይገባም ነበር።

ጋሼ የመጣው በአንድ ክረምት ነው፤ የነሱ ክረምት፣ በረዶው። ለአንድ ሳምንት ነበር የተባለው። ቡናማ ሙሉ ልብሱን፣ ሰፊ ክራቫቱን አድርጎ ገባ፤ በዚያው ሙሉ ልብስ ከነጠላ ጫማ ጋር ሳሎኔ ውስጥ ተቀመጠ። አገር ቤት አንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። በምርጫው ሰሞን ተናግሮ ይሁን ተሰልፎ ጣቢያ ገብቶ ወጥቷል፤ የታሰረባቸው ቀናት ግን በተረከው ቁጥር ይጨምሩ ነበር። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ጨርቅ ነው ይባላል። ጋሼ ጨርቅ ሆኖም አልወጣም። ቀን ይተኛል፣ ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ከየአገሩ የተበተኑ መሰሎቹን ሰብስቦ መንግሥት ይጥላል። “በዚህ ክረምት ይወድቃሉ፣ ለመስከረም አገራችን ነን” ይላል። ሻንጣውን እንኳ ፈትቶ አያውቅም፤ ሸሚዙን አውጥቶ ይለብስና ታጥቦ ሲደርቅ መልሶ ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል። አንድ መስከረም አለፈ። ሌላውም አለፈ። ሸሚዙ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ ጋሼ ሶፋዬ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ትሪ ፊቱ ያቀረብኩበትን ማታ አልረሳውም። በጣቱ አንድ ካሮት አንስቶ እንደ ታመመ ነገር አገላብጦ አየው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“አትክልት ነው ጋሼ። ይሞክሩት እስቲ።”

“አትክልትማ አየሁት። ወጡ የት አለ?”

“ዛሬ ትምህርት አለኝ፣ ለወጥ ጊዜ አልነበረኝም።”

“እኔ በግ ነኝ እንዴ ካሮት የምቀለብ?” አለና ወደ ታደሰ ዞረ። “አንተስ ዝም ብለህ ትበላለህ? እናታችን ይህን ብታይ ምን ትል ነበር?”

ታደሰ ፈገግ ብሎ እንጀራውን ቆረሰ። ጋሼ ስድቡን ጨረሰ፣ ሳህኑንም ጨረሰ፣ ትሪው ጥግ ላይ የተጣበቀችውን ሽንኩርት ሳይቀር በእንጀራ ጠርጎ በላ። ሁልጊዜም እንዲያ ነበር። ሰድቦ ነው የሚበላው፤ ስድቡ ለሱ እንደ ሚጥሚጣ ነው መሰለኝ። ስለ ታደሰ የምለው ብዙ የለኝም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ነገር ይሆን ነበር። ማታ መኝታ ቤት ገብተን በር ስንዘጋ “ልክ ነሽ፣ እነግረዋለሁ” ይለኛል። ጠዋት ወንድሙ ፊት ሲቀርብ ምላሱ ይታሰራል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት ለሱ የተተረተ ነው። እኔም እያወቅኩ ነገ ይነግረዋል እያልኩ ትምህርቴን እቀጥላለሁ። ፈተናው እየቀረበ ነበር፤ ለሥራ ልምምድ የሚቀበለኝ አንድ የአረጋውያን ቤትም አግኝቼ ነበር።

ጋሼ ወጥ አጣሁ ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። ይህን ስናገር እዚህ የተወለዱት ልጆች አስተካክለው ያልሰሙ ይመስላቸዋል፤ “በአትክልት ምክንያት?” ይሉኛል። አዎ፣ በአትክልት ምክንያት። አንድ ረቡዕ ከሥራ ስገባ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ሳሎኔ ተቀምጠዋል፣ ጋሼ መሃላቸው፣ ታደሰ የበሩ ጥግ። ጉዳያቸውን ሳልጠይቅ ገባኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ ኦቨኑን አበራሁ። የጾም ቀን ነው፣ ቅቤ የለበት፣ ሥጋ የለበት፣ ከዚህ የተሻለ ምን ላቀርብ ነው? ሲበስል በርበሬውን አፍስሼ አቀረብኩ። ባርከው በሉ፤ ደህና አድርገው በሉ። ቄሱ ከንፈራቸውን እየጠረጉ “የጾም ምግብ እንዲህ ሲጣፍጥ አይቼ አላውቅም፣ ባለ ሙያ ነሽ” አሉኝ። እኔ ሞኟ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ደስ አለኝ። እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ፣ አገር ቤት መምህር የነበሩት ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ልጄ” አሉኝ፣ “ትምህርት መልካም ነው፣ የሚከለክልሽ የለም። ግን ሁሉም በጊዜው ነው። ወንድማችን ስደተኛ ነው፣ ሆዱ የሚረበሽበት ጊዜ ነው። ለጊዜው ማታ ማታ ቤትሽ ሁኚ፣ የቤትሽን ወግ ያዢ። ትምህርቱ አይሸሽም።”

“አባቴ፣ ልጄስ?” አልኳቸው። “ትምህርቱን ካቆምኩ ልጄን ማን ያመጣልኛል? ዕድሜዋ እያለፈ ነው።”

“ለሱ እግዚአብሔር ያውቃል።”

“ልጅቷ ደግሞ ምን ሆነች?” አለ ጋሼ። “አገሯ ናት፣ አክስቷ ቤት ናት። ለመስከረም እኛው እንሄድላት የለም ወይ?”

ታደሰን አየሁት። ታደሰ ምንጣፉን ያያል። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል ማለት ይህ ነው፤ የበሉት የኔን ሙያ ነው፣ የፈረዱትም በኔ ላይ። ሽማግሌ መርቆ ሳይነሳ የተሸመገለ ሰው አይነሳም፤ ይህን ሳላውቅ አይደለም፣ አባቴ ራሱ ሽማግሌ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ። ተነሳሁ። “አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትምህርቴ ይጀምራል” አልኩና ካፖርቴን ከመስቀያው አወረድኩ። ትምህርት ቤት ደርሼ ያን ቀን ስለ ቁስል ማሰር ያስተማሩኝን አንድም አልረሳሁም።

ከወጣሁ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ የሕንፃው ጠባቂ፣ ፖርቱጋላዊቷ ናት፤ የቀረውን ደግሞ ታደሰ ከወራት በኋላ በስልክ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ሽማግሌዎቹ በኔ ድፍረት ተደናግጠው እንደተቀመጡ ጋሼ ሊያባብላቸው ፈለገ። “ይህም ሙያ ሆኖ ነው እንዲህ የምትኮራው? እኔው እደግምላችኋለሁ” ብሎ ተነሳ። በዚያ ቤት ስንት ዘመን ተቀምጦ ኩሽና የገባው ያን ቀን ብቻ ነው። የቀረውን ድንችና አበባ ጎመን ትሪው ላይ ዘረገፈ፣ ከአገር ቤት ሰው ይዞልኝ የመጣውን በርበሬ ግማሹን ላስቲክ ላዩ ላይ ነሰነሰ፣ ኦቨኑን እስከ ጥግ ከፍቶ ዘጋውና መንግሥት ሊጥል ሳሎን ተመለሰ። ወሬው ሲደምቅ ጭሱ መጣ። መጀመሪያ ቄሱ ሳሉ፣ ከዚያ ሁሉም፣ ከዚያ ፎቁ በሙሉ። ያን ጭስ የማያውቅ ፈረንጅ ምን ሊያስብ ነው? መርዝ ነው ብሎ አንዱ ለእሳት አደጋ ደወለ። ስመለስ መንገዱ ታጥሯል፣ መኪናው ሰማያዊ መብራቱን ያብለጨልጫል፣ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ደረጃውን ይወጣሉ። ጎረቤቶች በሌሊት ልብሳቸው ብርድ ላይ ቆመዋል፣ ሽማግሌዎቼ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው እንባቸውን ያዘንባሉ። ጋሼ አየኝና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጣቱን ቀሰረብኝ። “እሷ ናት ጥዳው የሄደችው” አለ።

እውነቱን የሚያውቁ አራት ወንዶች እዚያ ቆመው ነበር። አንዱም አፉን አልከፈተም። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ጄኔቫ ያለ አበሻ ሁሉ ዘንድ ደረሰ፤ እየዞረ ሲመጣም ረስታ ሄደች መሆኑ ቀርቶ ሆን ብላ ነው ሆነ። ሽማግሌ እንደ ባለጌ ልጅ በበርበሬ ያጠነች ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ባደርገው ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያናድደኝ ሳላደርገው መታማቴ ነው። ዙሪክ ከመጣሁ በኋላ እንኳ አንድ ሰርግ ላይ የማላውቃት ሴት “አንቺ ነሽ እንዴ ያቺ?” ብላ በአድናቆት ጨብጣኛለች። ስሙስ ይሁን፣ ስም አይበላም። ቤቱ ግን በሌላ ሰው ስም የተከራየ ነበር፤ በጭሱ ምክንያት ሬዢው፣ ቤት የሚያስተዳድረው ቢሮ ማለት ነው፣ ማን እንደሚኖርበት መመርመር ጀመረና አስወጣን። አድራሻ የሌለው ሰው ልምምድ የለውም፣ ልምምድ የሌለው ፈተና የለውም። ታደሰና ወንድሙ አንድ ጓደኛቸው ዘንድ ተጠጉ። “ለጊዜው ነው፣ አንቺም ነይ” አለኝ ታደሰ። ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጣራ ስር አላድርም አልኩት። እሱም ወንድሙን መረጠ፤ ኋላ ሌላ ትዳር ይዞ ሎዛን ገባ።

እኔ አፎልተርን አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ሳሎን ውስጥ ገባሁ። ሁሉንም ከሀ ጀመርኩት። ፈረንሳይኛዬ እዚህ አይጠቅምም፤ ጀርመንኛ ተማርኩ፣ ተምሬ ስጨርስ ደግሞ ሰዎቹ የሚናገሩት ሌላ ሆኖ አገኘሁት፤ በመጽሐፉ ያለውን ለቢሮ ነው ያስቀመጡት። እነዚያኑ ቃላት፣ የአልጋ ቁስል፣ የደም ግፊት፣ ክርን፣ ቁርጭምጭሚት፣ እንደገና በሌላ አፍ ሸመደድኩ። ያንኑ አትክልት በያንዳንዱ የትምህርት ማታ ለብቻዬ ሠርቼ ቆሜ ከትሪው በላሁ። የምስክር ወረቀቱን አገኘሁ፣ የአረጋውያን ቤት ቋሚ ሥራ ገባሁ፣ ፈቃዱን ለመጠየቅ ወረቀቴን ሰብስቤ ቢሮ ሄድኩ። ሴትየዋ የሰናይትን የልደት ቀን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች። “አዝናለሁ” አለች። አልፎ ነበር። ብዙም አይደለም ያለፈው፤ ዙሪክ መጥቼ ከፊደል የጀመርኩበትን ጊዜ ያህል ነው። ስለዚህ ጋሼ ወርቁን ይቅር በይው የሚሉኝን ሰዎች፣ የንስሐ አባቴንም ጨምሮ፣ ዝም ብዬ አያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መንግሥቱም ተለወጠ፤ የሚመለስ ይመለስ ተባለ። ጋሼ ግን አልሄደም። ጉልበቱን ያመዋል አሉኝ፣ ሐኪሙም እዚህ ነው። ኋላ ልጁ አድሊስቪል ቤት ሲይዝ እሱም ተከትሎ ወደኛ አካባቢ መጣ።

ረቡዕ ማታ ሰዓቱን አክብሮ መጣ፣ በከዘራ። ሰናይት ባቡር ጣቢያ ስቀበላት ጉንጬን ስማኝ፣ ሻንጣዋን ላግዝሽ ስላት “ተይው ቀላል ነው” ብላኝ ነበር። ለሱ በሩን የከፈተችው እሷ ናት። “ጋሼዬ” ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ እሱም አለቀሰ፣ ከዘራው ወደቀ። እኔ ኩሽና ቆሜ በርበሬ እበጠብጣለሁ። ምን አገናኛቸው? አገር ቤት ሳለ በዓመት በዓል ያያት እንደሆነ ነው፣ እሱ ከወጣ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። ትሪውን አውጥቼ ለሦስታችን በየሳህኑ አነሳሁና አቀረብኩ። ጋሼ ጥርሱ አልቋል፣ በድዱ ነው የሚያኝከው፣ ካሮቱን ለይቶ አበባ ጎመኑን ያሳድዳል። “ይሄ ነው” ይላል በየጉርሻው፣ “ይሄ ነው እንጂ ምግብ።” የበግ ቀለቡን ላስታውሰው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

“እንዲህ ትዋወቃላችሁ እንዴ?” አልኳት ሰናይትን።

“እንዴት አንተዋወቅም?” አለችኝ። “ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ይደውልልኝ ነበር እኮ። ከጄኔቫ። አንቺ ትምህርት ቤት ስትሆኚ።”

ይህን አላውቅም ነበር። ጋሼን አየሁት፤ ያኝካል። “ምን ይልሽ ነበር?” አልኳት።

“ሁሉንም። ስለ በረዶው፣ ስለ ትራሙ። ለመስከረም እንመጣለን ይለኝ ነበር። እኔም በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ የተገዛልኝን ቀሚስ ለብሼ በር ላይ እቆም ነበር፤ አክስቴ ግቢ ስትለኝ አልገባም እላለሁ።”

“ዋሽቶሻል” አልኳት። እሱ መስማቱን አውቄ ነው። “አንድም ቀን ሊመጣ አላሰበም። ያኔ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? ትምህርት ቤት የነበርኩት አንቺን ለማምጣት ነው። ያን እንዳልጨርስ ያደረገኝም እሱ ነው፣ ይኸው ከፊትሽ የተቀመጠው።”

ሰናይት ሹካዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እሱን ራሱ ነግሮኛል” አለች። “የበርበሬውንም፣ የሽማግሌዎቹንም፣ ጣቱን እንደቀሰረብሽም። ካደግሁ በኋላ ነው የነገረኝ። ውሸቱንም ያኔውኑ አውቀው የነበር ይመስለኛል። ግን አንቺ በየእሁዱ ትደውዪና አስመጣሻለሁ ትዪኝ ነበር። እማዬ፣ እኔ መምጣት ፈልጌ አላውቅም። እንድትመጡ ነበር የምፈልገው። እሱ እመጣለሁ ይለኝ ነበር።”

ተናደድኩ። ንዴቱ ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን አጣሁት። ያ ሁሉ ማታ፣ ያ ሁሉ ቃል፣ በሁለት ቋንቋ የሸመደድኩት ቁርጭምጭሚት፤ እሷ ደግሞ ጉለሌ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቄያት ቢሆን እንዳልል፣ ካርዱ መቼ ያስጠይቃል? ይህን ሁሉ ልላት ነበር፤ ጋሼ ግን ባዶ ሳህኑን ወደኔ ገፋው።

“እስቲ ጨምሪልኝ” አለኝ።

“አልቋል፣ ጋሼ” አልኩት።

ሰናይት ተነሥታ ኩሽና ገባች። ትሪው ምድጃው ላይ ነበር፣ ግማሹ አልተነካም። አየችውና ይዛው መጣች፣ ለሱ ሳህኑን ሞላችለት። ከዚያ ማንኪያውን እንደያዘች ወደኔ ዞረች።

“ላንቺስ ልጨምርልሽ?” አለችኝ።